የውኃ አባት በትር

በእንጦጦ ጫፍ ላይ የወደቀ ዝናብ ዕጣው የሚለየው በስንዝር ርቀት ነው። ወደ ደቡብ ያዘነበለው ጠብታ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሰሜን ያዘነበለው የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ በሙገር ሸለቆ ዓባይን ይቀላቀላል። አንደኛው አፋር በረሃ ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ሌላኛው ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ባሕር ይደርሳል። ይህ ተረት የሆነው በዚያ ጫፍ ዙሪያ፣ ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በምንላቸው ቦታዎች ነው። መነሻው ግን ከዚያ እጅግ የራቀ፣ ፀሐይ የምታነደው ሜዳ ነው።

ዱሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚግባቡበት ዘመን፣ አዋሽ የውኃ አባት ነበረው። የውኃ አባት ከጊንጪ ተራሮች እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። በእጁ የወይራ በትር ይይዛል። ከወንዙ ለሚጠጣ ለእያንዳንዱ መንጋ በበትሩ ላይ አንድ ጭረት ይጭራል፤ መንጋው ሲበዛ ጭረቱን ያጠልቀዋል፤ ምንጭ ሲደርቅ መስቀል ያደርግበታል። ዝናብ ያጠረ እንደሆነ በትሩን መሬት ላይ አጋድሞ ያየዋል፤ ከዚያ ማን በጠዋት፣ ማን በማታ፣ ማን በሦስት ቀን አንዴ እንደሚጠጣ ይቆርጣል። እሱን ራሱን የሚገዛው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ የውኃ አባት ከሁሉ በኋላ ይጠጣል። ቆጠራውን ያዛባ እንደሆነ ባዶ ኩሬ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ይህን ተረት ብቻ አድርጋችሁ አትስሙት። በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ተራ የሚያስከብር የውኃ አባት ይመርጣሉ። በቦረና የጥልቅ ጉድጓዶቹን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ እሱ ይቆጣጠራል። በአንድ ጉድጓድና በአንድ ቦይ ላይ ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ፣ ወንዙ ሲረዝም የሚቸገርበት ምክንያት ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

የመጀመሪያው የውኃ አባት አርጅቶ ሞተ። ከእሱ በኋላ ሌሎች ተሹመዋል፤ የእነሱን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን አንድ በጋ እጅግ እንደረዘመ ያዙልኝ።

በአፋር በረሃ፣ በያንጉዲ ራሳ ሜዳ አንዲት የዱር አህያ ትኖር ነበር። ወደ ወንዙ ብትወርድ የተሰነጠቀ ጭቃ ጠበቃት። ውርንጭላዋ ጭቃውን በኮቴው ሲጭር ውሎ ምላሱ ነጣ። እመት የዱር አህያ ልጇን ለእህቷ አደራ ሰጥታ፣ «ውኃዬን የሚጠጣውን ሳላይ አልመለስም» ብላ ሽቅብ ተነሳች።

በአሚባራ የጥጥ እርሻ በኩል ስታልፍ ቦዮቹን አየች። ከወንዙ ወደ ማሳ የሚገባው ብዙ ነው፤ ከማሳ ወደ ወንዙ የሚመለሰው ግን ጥቂት፣ እሱም ጨው የቀላቀለ። አዋሽ ፓርክ ደርሳ ሳላውን ጠየቀችው።

«እመቴ፣ እኔ ቀንድ እንጂ ቦይ የለኝም» አላት። «መተሐራ ላይ ሸንኮራው ይጠጣል። እኔ የምጎነጨው አንድ ጉንጭ ነው። አያ ጉማሬን ጠይቂው፤ በሩ ያለው በእሱ እጅ ነው።»

አያ ጉማሬ ቆቃ ላይ ተኝቶ ነበር። ቆቃ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሳ ተገድቦ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከሥሩ ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ በ1946 ዓ.ም. ተተክሏል። ጉማሬው የመብራቱንም የእርሻውንም ጥያቄ የሚመልሰው በአንድ በር ነው፤ መብራት ፈላጊው ክፈት ይለዋል፣ ገበሬው ቆጥበህ አቆይልኝ ይለዋል።

«አያ ጉማሬ፣ ለምን ዘጋህብኝ?»

«ዛሬ ብከፍተው የሚመጣው ወር ባዶ ነኝ፣ እመቴ።»

«ክረምት ላይ ግን ከፍተህብኛል። የእህቶቼን ልጆች የወሰደው ጎርፍ በዚህ በር የወጣ ነው።»

ጉማሬው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከውኃው ብድግ ብሎ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አሳያት። «ይህን እዪው። ከላይ ሲያርሱ፣ ዛፍ ሲቆርጡ የታጠበው አፈር ሁሉ መጥቶ የሚተኛው እኔ ላይ ነው። የውኃዬን ቦታ ደለል ወሰደው፤ ከላይ ደግሞ እምቦጩ ሸፈነኝ። ክረምት ሲሞላ ካልለቀቅሁ ግንቡ ይሄዳል። ከላይ ምን ያህል ዘነበ፣ መቼ ይደርሳል ብሎ ቀድሞ የሚነግረኝ ቢኖር ቀስ እያልሁ እለቅ ነበር፤ እናንተም ከብታችሁን ታሸሹ ነበር። የሚነግረኝ የለም፤ እኔም የምነግረው የለኝም።»

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። በጋ ላይ ውኃ ያጣው ሜዳና ክረምት ላይ የተጥለቀለቀው ሜዳ አንድ ነው፤ ሕዝቡም አንድ ነው። ጥማቱን የሚያነሱ ሰዎች ጎርፉን፣ ጎርፉን የሚያነሱ ሰዎች ጥማቱን ለየብቻ ሲያወሩ ስሰማ፣ ይህ የጉማሬው መልስ ትዝ ይለኛል።

ከቆቃ በላይ ወንዙ ይከፈላል። ዋናው አዋሽ በመልካ ቁንጡሬ በኩል ወደ በቾ ሜዳ ይወጣል፤ ሌላው አቃቂ ነው። እመት የዱር አህያ አቃቂን ያዘች። ከአባ ሳሙኤል ግድብ ጀምሮ ውኃው ጠቆረ፣ ሽታው አፍንጫዋን ቆረጠው። ልትጠጣ ጎንበስ ብላ ተወችው። በዚህ ሽታ ሽቅብ ተመርታ ዝሆኑ ጋ ደረሰች።

አያ ዝሆን ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲመጣ ግልገል ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ ዳር ሲሰፍር አንድ ምንጭ ይበቃው ነበር። ሲያድግ ገፈርሳ ተገደበለት፤ ጨመረና ለገዳዲ፤ ጨመረና ድሬ፤ እሱም አልበቃ ሲል በአቃቂ በኩል መሬቱ ተቆፍሮ ከርሠ ምድር ውኃ ወጣለት። አሁንም ልጆቹ በፈረቃ ይጠጣሉ። በየግቢው ሮቶ ያቆመ ይጠብቃል፣ ያላቆመ ሌሊት ተነስቶ ቧንቧ ያዳምጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ነው።

«አያ ዝሆን፣ የኔን ውኃ አንተ ነህ የጠጣኸው?»

«የጠጣሁት ለልጆቼ ነው፣ እመቴ። ተጠምተው እያየሽ ከልጅ አፍ ትነጥቂያለሽ?»

«ከልጅ አፍ አልነጥቅም። የጠጣኸውን ብቻም አልጠይቅህም፤ የመለስኸውንም ነው የምጠይቅህ። ይህን የመለስኸውን አንተ ትጠጣዋለህ?»

ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ አቃቂ ዘርግቶ አሸተተና መልሶ ሰበሰበው። «ከላይ የመጣ ቆሻሻም አለበት» አለ። «ገፈርሳ ያለችውን ዝይ ጠይቂያት።»

ገፈርሳ ከቡራዩ በላይ፣ በአምቦ መንገድ ዳር፣ ትንሹ አቃቂ የተገደበበት ሐይቅ ነው። በዳርቻው ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ትግጣለች። እመት ዝይት እንግዳዋን ሣር ላይ አስቀምጣ፣ የጠየቀቻትን ሁሉ ሳትሸሽግ ነገረቻት። «እኔ እዋኝበታለሁ እንጂ ውኃው የኔ አይደለም። በቧንቧ ወደ አያ ዝሆን ይወርዳል። ከግድቡ አጠገብ የተወለዱት ጎረቤቶቼ እንስራ ተሸክመው ያልፉኛል። እኔ አንድ ጉንጭ ነው። ሰበታ ውረጂና አባ ጉሬዛን ጠይቂያቸው፤ ሽማግሌ ናቸው።»

ስትነሳ ደግሞ አንድ ነገር አከለችላት። «ከዚያ ጫፍ ማዶ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይም ዘመዶች አሉኝ። እነሱ ሲዋኙ ሙገር ይወርዳሉ፤ እኔ ስዋኝ አንቺ ጋ እወርዳለሁ። ቤታችን አንድ፣ ወንዛችን ሁለት ነው።»

የዝይቱ ነገር ዛሬም እንዳለ አለ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሆነው በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። የአስተዳደሩ መስመር በዋና ከተማዋ ዙሪያ ይዞራል፤ የውኃው መስመር ግን ያንን መስመር አያውቀውም። ትንሹ አቃቂ ከአንዱ አስተዳደር ተነስቶ በሌላው መሃል አልፎ ተመልሶ ይወጣል። አንዱ ያልጠበቀውን ተራራ ሌላው በጎርፍ ይከፍልበታል፤ አንዱ የጣለውን ቆሻሻ ሌላው በጎመን ያበቅለዋል።

እመት የዱር አህያ የወጨጫን ጎን ይዛ ሰበታ ወረደች። እዚያ ያየችው ነገር ግራ አጋባት። ከላይ ተራራው እርጥብ ነው፤ ጭጋጉ ረፋድ እስኪሆን ከጽዱ አይለቅም። ከተራራው ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ምንጩ ወርዶ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ የቢራ፣ የጨርቅ፣ የቆዳ ፋብሪካና የአበባ እርሻ ይጠብቁታል። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጅረት የጨርቅ ቀለም ይዞ ነበር። ከድልድዩ ማዶ፣ ቦኖው ጋ፣ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ባለቤቶቻቸው የሉም፤ ተራቸውን የሚጠብቅላቸው በየጀሪካኑ እጀታ ላይ የታሰረው ምልክት ነው፤ በአንዱ ቀይ ክር፣ በአንዱ የነጠላ ቁራጭ፣ በአንዱ የፌስታል ጆሮ። አንዲት ልጅ ብቻ ሰልፉን እየጠበቀች ቆማለች። ቧንቧው ፉጨት ባሰማ ቁጥር ጎንበስ ብላ ከሥሩ መዳፏን ትዘረጋለች። የሚወጣው አየር ነው። መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በመንገዱ ላይ የውኃ ቦቴ ወደ አንዱ ፋብሪካ አለፈ።

አባ ጉሬዛ በሱባ ደን፣ በአንድ ያረጀ ጽድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተተክሎ እንደተጠበቀ ይነገራል። ንጉሥ አልፎ ንጉሥ፣ መንግሥት አልፎ መንግሥት ሲመጣ፣ ጥበቃው በአሠራር ተለዋውጦም ቢሆን እስከ ዛሬ ዘልቋል። በዚህ አገር ከ500 ዓመት በላይ የቆየ አደራ ቢጠየቅ፣ እኔ በኩራት የምጠራው ይህንን ደን ነው።

«አባ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች እመት የዱር አህያ። «የጠየቅሁት ሁሉ ከእኔ በላይ ያለውን ጠይቂ ብሎኛል። ከእርስዎ በላይ ማን አለ?»

«ከእኔ በላይ ሰማይ ነው፣ ልጄ። እሱ አይከሰስም።»

«እርስዎስ ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«ሦስት ምንጭ። ሦስት ጉንጭ በይው።»

«ሳላውም ጉንጭ ነው ያለኝ፤ ዝይቱም ጉንጭ ነው ያለችኝ፤ ሁሉም እውነቱን ነው። ጉንጩን የደመረው ግን ማን ነው?»

አባ ጉሬዛ ነጭ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ወደ ጽዱ ጫፍ ወጥተው፣ ከዛፉ ቀዳዳ ውስጥ አንድ የጠቆረ የወይራ በትር አውጥተው ወረዱ። ከላይ እስከ ታች ጭረት ነበረበት። «የመጀመሪያው የውኃ አባት በትር ነው» አሉ። «ከእሱ በኋላ የመጡት የየራሳቸውን ቆርጠዋል። የት የት እንዳሉ አላውቅም። ጉባኤ ጥሪ፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ይምጣ።»

በአንድ ኦዳ ዛፍ ሥር ጉባኤ ተጠራ። ከሙገር ገደል አያ ጭላዳም መጣ፤ ወንዙ ሌላ ሆኖ ሳለ ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ፣ «ቆዩ፣ ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ» አለ። እንስሳቱ አንድ በአንድ በትር ማቅረብ ጀመሩ።

ሳላው ያመጣው ምስጥ የበላውን ነው። በሰዎቹ ታሪክ ብንለው፣ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም የተቆረጠው ነው። ጭረቱ ጥልቅና በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ የጥጡን፣ የሸንኮራውን፣ የሎሚውን እርሻ ሁሉ ይዟል። ከቆቃ በላይ ግን ባዶ ነው። ከቆቃ በታችም ቢሆን ከብቱን በወንዙ ዳር ለሚያግደው አርብቶ አደር የተጫረችው ቀጭን ነበረች። ጉማሬው ከደለል ውስጥ ያወጣው ከአብዮቱ በኋላ የነበረውን ነው፤ የባለቤቱ ስም ደጋግሞ ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበታል፤ ከስሙ ጋር ጭረቱም አብሮ ተፍቋል።

ዝይቱ ያመጣችው ቀጥ ያለና የሚያምር በትር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 197 የሀገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለቤት ውስጥ ፍጆታም ቅድሚያ እንደሚሰጥ ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲኖሩ፣ ወንዙም እንደ ወንዝ እንዲመራ አደረገ። ከዚያ በኋላ አዋሽም የራሱን ባለሥልጣን አገኘ። ይህ በትር ከሁሉ የተሻለ አስተሳሰብ ይዞ የተቆረጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወንዙን በክልል ወሰን ሳይሆን በራሱ ተፋሰስ አይቶታል። ግን ጭረቱ ገና ግማሽ ሳይደርስ ሌላ በትር መጣ። በ2011 ዓ.ም. የሀገሪቱን 12 ተፋሰሶች አንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን እንዲይዛቸው ተወሰነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ያም ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። እነዚህን ሁለቱን ያመጣው ዝሆኑ ነው፤ የተሰቀሉት እሱ ቤት ነበርና።

እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ነበረው። ያቋቋሙትም ያፈረሱትም ወንዙን ሊጎዱ አልተነሱም። የጎዳው አንድ ልማድ ነው፤ ሹም በተለወጠ ቁጥር አዲስ በትር መቁረጥ፣ አሮጌውንም ሳያነቡ መስቀል።

እንቁራሪት ተጠርታ በትሮቹን ጎን ለጎን አጋደመች። ከዚያ በፊት ማንም አንድ ላይ አጋድሟቸው አያውቅም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች ቆጠረች። ጨርሳ ቀና ስትል ድምፅዋ ደቀቀ።

«ወንዙ አንድ ጊዜ ፈስሶ ሁለት ጊዜ ተከፋፍሏል» አለች። «አንዱ በትር ለሸንኮራው የሰጠውን፣ ሌላው በትር ለዝሆኑ ሰጥቶታል። የሰበታ ምንጮች ደግሞ በአንዱም በትር ላይ የሉም። ፋብሪካዎቹም፣ የአበባ እርሻዎቹም፣ ያቺ ቦኖ ጋ የቆመች ልጅም የሉም።»

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። አሜሪካኖች በ1922 እ.ኤ.አ. የኮሎራዶን ወንዝ ለሰባት ግዛቶች ሲያከፋፍሉ የለኩት ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ስለነበር፣ ወንዙ ከሚያመጣው በላይ በወረቀት ላይ አከፋፈሉት። ስህተቱን ሲጨቃጨቁበት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ወንዙም አብዛኛውን ዓመት ባሕር ሳይደርስ ይቀራል።

ጉባኤው ተንጫጫ። አዲስ የውኃ አባት ይሾም በሚለው ሁሉም ተስማማ፤ ማን በሚለው ግን አልተስማማም። ዝሆኑ፣ «በትሮቹ እኔ ቤት ናቸው፤ ብዙ ልጅ ያለኝም እኔ ነኝ» አለ። ጉማሬው፣ «በሩን የያዝሁት እኔ ነኝ» አለ። አባ ጉሬዛ፣ «ምንጩ ከእኔ ይጀምራል» አሉ። ይህን ጊዜ አያ ጭላዳ ብድግ አለ።

«የኔ ተራ ደረሰ» አለ። «ወንዛችን ሌላ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን አያ ዝሆን ገርቢና ሲብሉ የተባሉትን ወንዞቼን ሊገድብ፣ ውኃዬን በጫፉ ላይ አሳልፎ ሊወስድ ያስባል። ይውሰድ አይውሰድ አላልሁም፤ ተጠምቶ ከመጣ ጎረቤት ነው። የሱሉልታ ሜዳም ዛሬ ባዶ አይደለም፤ ውኃ በፕላስቲክ የሚያሽጉትም፣ ከብት የሚያረቡትም፣ ቤት የሚሠሩትም አሉበት። ከእኔ ወንዝ የወጣችው ጭረት ከእኔ በትር ላይ ስትፋቅ፣ በእናንተ በትር ላይ ተጽፋ ልያት። ሁለቱ በትሮች ካልተያዩ አንድ ውኃ ሁለት ቦታ ይቆጠራል።»

እመት የዱር አህያ እስከዚያ ዝም ብላ አሮጌውን በትር ስታገላብጥ ነበር። ቀና ብላ፣ «የውኃ አባት የሚሾምበት ሕግ ምን ነበር፣ አባ?» አለች።

«ከሁሉ በኋላ የሚጠጣ ይሁን ነው።»

«ከሁሉ በኋላ የምጠጣው እኔ ነኝ።»

ኦዳው ሥር ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ዝሆኑ ኩምቢውን አነሳ። «እመቴ፣ ክፉ አትበዪኝ። አንቺ ከበረሃ የመጣሽ ነሽ። የእኛን ምንጭና የእኛን ፋብሪካ በምን ታውቂዋለሽ?»

«በጎደለብኝ አውቀዋለሁ። አንተ ስትጨምር ይጎድልብኛል፤ አባ ጉሬዛ ዛፍ ሲያስቆርጡ ደለሉ ይደርሰኛል፤ ጉማሬው ሳይነግረኝ ሲለቅ ልጅ ይሞትብኛል። የሁላችሁም ሥራ ተደምሮ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። የሌላችሁ ሒሳብ ያለው እኔ ዘንድ ነው።»

«ልጆቼን ተራ ልታስይዢብኝ ነው?»

«ልጆችህ የሚጠጡትን ማንም አይቀድመውም፤ የእናንተው አዋጅ ያለው እሱን ነው። ለቢራው፣ ለጨርቁ፣ ለአበባው፣ ለሸንኮራው ግን ተራ ይያዛል፤ ዋጋም ይከፈልበታል፤ የኔ ሜዳ ጥጥም ሰልፉ ውስጥ ይገባል። አንተም የአያ ጭላዳን ውኃ ከመሻገርህ በፊት አቃቂን አጥራ፤ የቧንቧህንም ቀዳዳ ድፈን። ያኔ ምን ያህል እንደሚጎድልህ አብረን እንቆጥራለን፤ የጎደለህንም ስጡት ብዬ እመሰክርልሃለሁ።»

ዝሆኑ ወዲያው እሺ አላለም። «አቃቂ በአንድ ቀን አይጠራም» አለ። «ሁለት ክረምት ስጡኝ፤ ፋብሪካዎቹንም ብቻዬን አልችላቸውም፤ ሰበታም ቡራዩም የየራሳቸውን ይያዙልኝ።» ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ስለነበር ተሰጠው። ጉማሬው ከደጋው የዝናቡ ወሬ በየማለዳው እንዲደርሰው፣ እሱም በሩን ከመክፈቱ አስቀድሞ ወደ ታች እንዲልክ ተቆረጠ። ወሬውን በየማለዳው እንድታደርስ እመት ዝይት ታዘዘች።

ያለ መፍትሔ የቀረ ነገርም ነበር። ሳላው፣ «እመት የዱር አህያ ያለፈች ዕለትስ?» ብሎ ጠየቀ። «ነገ ሌላ ጉባኤ መጥቶ ሌላ ስም ቢያወጣ፣ ሌላ ቤት ቢሰጠው፣ ይህ በትር እንደ ቀድሞዎቹ አይሰቀልም ወይ?» አባ ጉሬዛ የራሳቸውን ደን እያሳዩ፣ «ጠባቂው ይለወጥ፣ ዛፉ ግን አዲስ አይተከልም፤ ያው ይጠበቃል» አሉ። ከዚያ ወዲያ አዲስ በትር መቁረጥ ተከለከለ። የተሾመ ሁሉ በአሮጌው ላይ ይቀጥላል፤ የቀደመውን ጭረት የሚፍቅም በጉባኤው ፊት ምክንያቱን ይናገራል። ዝሆኑ በዚህ ላይ ቃል ሲሰጥ አመነታ፤ እንስሳቱም ማመንታቱን አዩ። ስለዚህ በትሩ ወደ እሱ ቤት እንዳይሄድ፣ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ መስከረም ወንዙን ተከትሎ እንዲዞር አደረጉ።

ቆጠራው በማግሥቱ ከሰበታ ተጀመረ። እመት የዱር አህያ ስለታም ድንጋይ በጥርሷ ይዛ፣ አባ ጉሬዛ ከፊት እየመሩ፣ ከደኑ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። የቢራውን፣ የጨርቁን፣ የቆዳውን ጭረት ጫረች፤ የቦኖዋንም ልጅ ከሁሉ አስቀድማ ጫረች። ወደ ላይ ሲመለሱ በቁጥቋጦ የተሸፈነ አጥር አየች። ከአጥሩ ሥር እርጥበት ይታያል።

«አባ፣ ስንት ምንጭ ነው ያሉኝ?»

«ሦስት።»

«ይህስ?»

«ይህ አራተኛው ነው። ከእሱ አልጠጣም። ለክፉ ቀን አጥሬ ያስቀመጥሁት ነው።»

«የታጠረም ይቆጠራል» አለችና ድንጋዩን አንስታ አራተኛውን ጫረች። «አሁን ወደ ቡራዩ እንሂድ፤ እመት ዝይት እየጠበቀችን ነው።»